«ምንም ሳልበላ» የምንወፍረው እንዴት ነው?

«እኔ እኮ ምንም አልበላም!» ብሎ የማያውቅ እጁን ያውጣ። እኔ ሁለት ዓመት ሙሉ ብዬዋለሁ። ሐዋሳ ተቀምጦ መቀነስ አይቻልም እያልኩም አማርር ነበር፤ ሐይቁ ዳር ዓሳ፣ በየመንገዱ ጭማቂ ቤት፣ ቅዳሜ ሲመጣ ደግሞ ቁርጥ። ቁጭ ብዬ ሳስበው ግን ያወፈረኝ ቁርጡ አይደለም። ቁርጥ የበላሁበትን ቀን አስታውሰዋለሁ። ጉድ የሠራኝ የማላስታውሰው ነው።

በዘይት እንጀምር፣ የባሰው እሱ ስለሆነ። ሽሮ ስትሠሩ ዘይቱን እንዴት ነው የምትጨምሩት? እንደኔ ከሆናችሁ ከጀሪካኑ በቀጥታ፣ በዓይን ግምት ነው። አንድ ቀን እልህ ያዘኝና ድስቱ ውስጥ ልጨምር የነበረውን ብርጭቆ ላይ ቀድቼ በሾርባ ማንኪያ ለካሁት። ስምንት ማንኪያ! ለሦስት ሰው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ወደ 120 ካሎሪ አለው፣ ስለዚህ ሽሮውም እንጀራውም ሳይቆጠር ለእያንዳንዳችን 320 ካሎሪ ዘይት ብቻ ደርሶናል ማለት ነው። አሁን ሽንኩርቱን መጀመሪያ ውሃ ጠብ እያደረግኩ አቁላላለሁ፣ ዘይቱ በኋላ ይገባል፣ ሦስት ማንኪያ። እውነቱን ለመናገር የመጀመሪያው ሳምንት አልጣመኝም፤ አሁን የሰው ቤት ሽሮ ስበላ ከንፈሬ ላይ የሚቀረው ዘይት ይታወቀኛል።

ዓሳም ያው ነው። «ዓሳ ጤና ነው» ብለን ሐይቁ ዳር ወዳለው የዓሳ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ እንሄዳለን፣ ቆሮሶ የሚባለው ዓሳ ራሱም ቅባቱ ትንሽ ነው፣ ግን እኛ የምናዘው ዘይት ውስጥ ተዘፍቆ የወጣውን ጥብስ ነው፣ ከዳቦና ከዳጣ ጋር። ሾርባው እዚያው እያለ!

የሚጠጣ ነገር ደግሞ ማንም አይቆጥረውም። አቮካዶ ጥሩ ምግብ ነው፣ ቅባቱም ጥሩ ቅባት ነው፣ ግን 100 ግራሙ ወደ 160 ካሎሪ ስለሆነ አንድ ትልቅ ፍሬ በማንኪያ እስኪበላ ድረስ ወፍሮ፣ ስኳር ገብቶበት፣ ላዩ ላይ ቪምቶ ፈሶበት ሲመጣ ጭማቂ ሳይሆን ምሳ ነው። ምሳ በልተን በላዩ ላይ እንጠጣዋለን። ሐይቁ ዳር ግማሽ ሰዓት ዘና ብሎ መራመድ እንደየሰውነታችን ከ100 እስከ 150 ካሎሪ ቢያቃጥል ነው፣ ስንመለስ ግን «ዛሬማ ተንቀሳቅሻለሁ» ብለን ጭማቂ ቤት ጎራ እንላለን፣ ከዚያ በባጃጅ ወደ ቤት። ቡናም አለ፦ ሦስት ሲኒ፣ በየሲኒው ሁለት የሻይ ማንኪያ ስኳር፣ ወደ 100 ካሎሪ ነው። ስኳር የተነሰነሰበትን ፈንድሻ አላነሳሁም።

ጾም ያከሳል የሚለውንም እርሱት። እስከ 9 ሰዓት ሳይበላ የቆየ ሰው ሳንቡሳና በዘይት የራሰ ፍርፍር ሲያገኝ ምን እንደሚሆን ሁላችንም እናውቃለን። የጾም ገበታ ላይ ምስርና ባቄላ ይብዛ፣ ቶሎ አያስርብም። የስኳር መድኃኒት የምትወስዱ ግን ምግብ ከመዝለላችሁ በፊት ሐኪማችሁን አማክሩ፣ ይሄ ቀልድ አይደለም።

ሌላው «ከሰኞ ጀምሮ» ነው። ሐሙስ አንድ ቦምቦሊኖ ቀምሰን «በቃ፣ ይሄ ሳምንት ተበላሽቷል» እንልና እስከ እሁድ ማታ የተገኘውን እንበላለን። ቦምቦሊኖው ምን አደረገ? ያጠፉት ሦስቱ ቀናት ናቸው። ቀጣዩ ምግብ ራት ከሆነ ከራት ጀምሩ።

ከሁሉም የከበደኝ ግን ሰው ነው። ሦስት ኪሎ ስቀንስ አክስቴ «ምነው ከሳሽ? አሞሻል እንዴ ልጄ?» ማለት ጀመረች። ከሳሽም ተከሳሽም እኔው ሆኜ አረፍኩት። እዚህ አገር ወፈር ማለት ደኅና መሆን ነው፣ መክሳት ደግሞ ወይ ሕመም ነው ወይ ሐሳብ ነው። እሷ ቤት የምሠራው ስህተት እንቢ ማለት ነበር። እንቢ ባልኩ ቁጥር «በሞቴ!» ይመጣል፣ «በሞቴ» ተብሎ ደግሞ ማን ይተርፋል? አሁን የመጀመሪያዋን ጉርሻ በደስታ እጎርሳለሁ፣ ቀስ ብዬ እበላለሁ፣ እንጀራዬን ፈጽሞ አልጨርስም። ፊት ለፊታችሁ ባዶ ከሆነ ወጥ ይጨመራል፣ አለቀ! ትንሽ ካስተረፋችሁ ግን «ብዪ እንጂ» ብቻ ነው የምትባሉት።

በየቀኑ መመዘንም አቁሙ። ማታ ጨው የበዛበት ወጥ ከበላችሁ ሰውነት ውሃ ይይዛል፣ ጠዋት አንድ ኪሎ ጨምራችሁ ልትገኙ ትችላላችሁ፣ ስብ ግን አይደለም። እኔ በዚህ ተስፋ ቆርጬ ስንት ጊዜ ትቼዋለሁ! አስፋልት ዳር ሚዛን ይዞ የሚቀመጠው ልጅ «እህቴ፣ ትናንት ተመዝነሽ የለ እንዴ?» ሲለኝ ነው ያፈርኩት። አሁን እሁድ እሁድ ጠዋት ብቻ ነው የምሄደው፣ ቁርስ ሳልበላ፣ ጫማዬን አውልቄ። ሚዛኑ ልክ ይሁን አይሁን እንጃ። ሁሌም በእሱ ስለምመዘን ግን ልዩነቱን አይደብቀኝም።