ከነሞተሩ የቆየ የእንጨት ጀልባ እንዴት ይገዛል? እንዴትስ ይያዛል?

ሚኔሶታ ወይም ሲያትል አካባቢ ያላችሁ፣ በየሰው ግቢ ተጎታች ላይ ተቀምጦ "ይሸጣል" የተባለ የእንጨት ጀልባ አይታችሁ ይሆናል። ብዙ ጊዜ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ የተሠራ ነው፤ ኋላው ላይም ጆንሰን ወይም ኤቨንሩድ ሞተር ታስሮበታል። ገዢ ሁሉ ቀድሞ የሚጠይቀው "ሞተሩ ይነሳል?" ብሎ ነው። እኔ ግን ጥያቄውን ለኋላ አቆየዋለሁ። ሞተር ቢበላሽ ይጠገናል፣ ካልሆነም ይቀየራል። ኪስ የሚያራቁተው የበሰበሰ እንጨት ነው።

ስለዚህ ወስፌ ይዛችሁ ሂዱ። ባለቤቱን አስፈቅዱና ጫፉን እንጨቱ ላይ ጫን አድርጉት። ጤነኛ እንጨት አያስገባም፤ የበሰበሰው ግን እንደ ራሰ ዳቦ ሰተት አድርጎ ይቀበለዋል። አዲስ ቀለም አያታልላችሁ። ሞተሩ የሚታሰርበትን የኋላ ግድግዳ በደንብ ፈትሹ። ወለሉንም ገልጣችሁ የጎድን እንጨቶቹን የታች ጫፍ እዩ፤ ውሃ የሚተኛው እዚያ ነው። ጀልባን ይበልጥ የሚያበሰብሰው ደግሞ የባሕር ጨው ሳይሆን የዝናብ ውሃ ነው። ሸራ ሳይለብስ ደጅ የከረመን ጀልባ ተጠራጠሩ። የኋላ ግድግዳው ከላላ ዋጋ ማስቀነስ ትችላላችሁ፤ እኔ ብሆን ትቼው እሄዳለሁ።

የጀልባውንና የተጎታቹን ወረቀት ለየብቻ ጠይቁ። ወረቀት የሌለውን በርካሽም አትግዙ።

አሁን ወደ ሞተሩ። ካንዴላዎቹን ፈትታችሁ ኮምፕረሽኑን፣ ማለትም ፒስተኑ አየሩን የሚያምቅበትን ግፊት፣ ለኩ። የሁለቱ ሲሊንደሮች ልዩነት ከ10 በመቶ ካልበለጠ ጥሩ ነው። ከታች ያለውን የማርሽ ዘይት ትንሽ አፍስሱ፤ ወተት ከመሰለ ውሃ ገብቶበታል። ለካንዴላ ብልጭታ ኤሌክትሪክ የሚሰጡት የዚያ ዘመን ቦቢናዎች መሰንጠቅ ይወዳሉ፣ ግን አዲስ ስለሚገኝ አያስደነግጥም። ማስነሳት ከፈለጋችሁ የታችኛው ክፍል ውሃ በሞላ በርሜል ውስጥ ይግባ። ውሃ ሳይኖር ከሠራ ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው የውሃ ፓምፕ ጎማ ወዲያው ይቃጠላል።

የሞተሩ ማለስለሻ ዘይት ከቤንዚኑ ጋር ይቀላቀላል። ብዙዎቹ የ1950ዎቹ ሞተሮች ለ24 ሊትር ቤንዚን 1 ሊትር የጀልባ ዘይት ይፈልጋሉ። "50 ለ1 ይበቃል" የሚላችሁ ሰው ኋላ ስለመጡት ሞተሮች ነው የሚያወራው። ያረጁትን የነዳጅ ጎማዎች ቀይሩ፤ ኢታኖል ያለበት ቤንዚን ይበላቸዋል።

ጀልባው በጣውላ የተሠራ ከሆነ ውሃ ውስጥ በገባ በመጀመሪያው ቀን ያፈሳል። አትደናገጡ። ከርሞ የደረቀ ጣውላ ውሃ ጠጥቶ ሲያብጥ ክፍተቱን ራሱ ይዘጋዋል። ዳር ላይ አስራችሁ ፓምፕ አዘጋጁለትና አንድ ሁለት ቀን ታገሱት። ቸኩሎ ክፍተቱን በሚደርቅ ማጣበቂያ መሙላት ግን ጉዳት አለው። ጣውላው ሲያብጥ መሄጃ ያጣና ምስማሩን ይነቅላል፣ የጎድን እንጨቱንም ይሰብራል። በኮምፔንሳቶ የተሠራ ጀልባ ግን እንዲህ አያብጥም፤ እሱ ካፈሰሰ የሚጠገን ቀዳዳ አለ ማለት ነው።

ክረምቱ ሳይገባ የማርሽ ዘይቱን ቀይሩ። ሞተሩን ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙት፣ ውስጡ የቀረው ውሃ ይውረድ፤ በረዶ ከሆነ ብረቱን ይሰነጥቃል። ጀልባውን አፍንጫው ከፍ ብሎ አስቀምጡት፣ የማፍሰሻውን ውታፍ ንቀሉ፣ ሸራውንም ከሥሩ አየር እንዲያልፍ አድርጋችሁ አልብሱት።