ብዙ የተሠራበትን የቆየ ቤዝ ጊታር መሸጥ ሲያስቸግር፦ ችግሩ፣ ምክንያቱና መፍትሔው

ለዓመታት የተሠራበትን የቆየ ኤሌክትሪክ ቤዝ ጊታር ድሬዳዋ ላይ ለመሸጥ የሚነሣ ሰው ብዙ ጊዜ የሚቸገረው መሣሪያው ስላረጀ ሳይሆን፣ ገዥው የእርጅናውን ዓይነት መለየት ስለማይችል ነው። ክንድ ያረፈበት ቦታ ላይ የተላጠ ቀለም፣ በአውራ ጣት የተበላ ጠርዝና የወየበ ቫርኒሽ የሥራ ምልክቶች ናቸው። ተሰብሮ የተጣበቀ አንገት፣ የተቀየረ ፒክአፕ (የክሮቹን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው ክፍል) ወይም በኋላ የተቀባ ቀለም ግን ከዚህ ፈጽሞ የተለየ ነገር ነው። ሻጩ ሁለቱን ለይቶ ካልተናገረ ገዥው ሁሉንም በክፉው ይተረጉመዋል፤ ዋጋውንም በዚያው ልክ ይቆርጣል። ከዚህ በታች ያሉት ችግሮች መሣሪያ ስጠግንና ሰዎች ሲሸጡ ስመለከት ደጋግመው የገጠሙኝ ናቸው።

ጠያቂው ብዙ ነው፣ ዋጋ የሚሰጥ ግን የለም

ምክንያቱ የማስረጃ እጥረት ነው። «የድሮ ኦሪጅናል ፌንደር (የታወቀ የአሜሪካ ጊታር ሠሪ) ነው» የሚል ጽሑፍና ከሩቅ የተነሣ አንድ ፎቶግራፍ ማንንም አያሳምንም፤ በአንገቱ ራስ ላይ ያለውን ስም ማንም ሊለጥፈው ይችላልና። መፍትሔው መሣሪያውን ራሱን ማናገር ነው። ክሮቹን አላልቶ፣ አንገቱን ከአካሉ ጋር ያያዙትን አራት ብሎኖች (እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በተሠሩ አንዳንድ ሞዴሎች ሦስት ናቸው) በልክ በሚገባ መፍቻ ፈትቶ አንገቱን በቀስታ ማውጣት ነው። በብዙ የቆዩ ፌንደሮች አንገቱ ከአካሉ ውስጥ በሚገባበት ጫፍ ላይ በእርሳስ የተጻፈ ወይም በማኅተም የተመታ ቀን ይገኛል። ቀጥሎ የመቆጣጠሪያዎቹን ሽፋን ከፍቶ በቮልዩምና በቶን ፖቴንሾሜትሮቹ (በአጭሩ ፖት፣ ቁልፎቹ የሚያዞሯቸው ክፍሎች) ላይ የተመታውን ቁጥር ማንበብ ይገባል። ለምሳሌ 1376632 የሚል ቁጥር ቢገኝ፣ 137 የአምራቹ መለያ፣ 66 ዓመቱ እ.ኤ.አ. 1966፣ 32 ደግሞ ሳምንቱ ነው። ይህ ቁጥር የሚያረጋግጠው መሣሪያው ከዚያ ሳምንት በፊት አለመገጣጠሙን ብቻ ነው፤ ዕቃው መደርደሪያ ላይ ቆይቶ ሊሆን ይችላል። የሁለቱን ቀኖች፣ የመለያ ቁጥሩንና የፍሬቶቹን (በጣት ሰሌዳው ላይ አግድም የተተከሉትን ቀጫጭን ብረቶች) ፎቶግራፍ በጠዋት ብርሃን ያለ ፍላሽ አንሥቶ ማቅረብ ከረጅም ውዳሴ ይልቅ ይሠራል።

ገዥው ዓመተ ምሕረቱን ሲሰማ ሻጩን ይጠራጠራል

ይህ በእኛ አገር ብቻ የሚደርስ፣ ግን በቀላሉ የሚቀር ጉዳት ነው። ሻጩ «የ1957 ነው» ይላል፤ አባቱ ወይም የቀድሞው ባለቤት የነገሩት በእኛ አቆጣጠር ነው። ገዥው፣ በተለይ ከውጭ ለበዓል የመጣ ከሆነ፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ይሰማዋል፤ ከዚያ ፖቱ ላይ 1964 ወይም 1965 የሚል ምልክት ሲያገኝ ሻጩ የዋሸው ይመስለዋል። ልዩነቱ በዋጋም ከባድ ነው፤ ሰብሳቢዎች ፌንደር እ.ኤ.አ. በ1965 መጀመሪያ ለአሜሪካው የብሮድካስት ድርጅት ለሲቢኤስ ከመሸጡ በፊት የተሠሩትን ከኋለኞቹ ለይተው ነው የሚያዩአቸው። ስለዚህ የሥራ ዘመኑ ሲጻፍ ሁልጊዜ «እ.ኤ.አ.» ይጨመርበት። በጃፓን የተሠሩት የአይባኔዝ ጊታሮች እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በመለያ ቁጥራቸው ላይ ለአሥር ዓመት ያህል ወሩን በፊደል፣ ዓመቱን በሁለት አኃዝ ያመለክቱ ነበር፤ «ዲ79» (D79) ብሎ የሚጀምር ቁጥር እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 1979 ማለት ነው።

ገዥው ሲሞክረው ክሩ ፍሬቱን እየነካ ዝዝ ይላል

ድሬዳዋ በ1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ሞቃትና ደረቅ ከተማ ናት፤ ሐረር ግን የደንገጎን ዳገት ወጥተው 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ያገኟታል። ከአንዱ ወደ ሌላው የተወሰደ፣ ወይም በግንቦት ሙቀት ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር የሰነበተ አንገት ቅርጹን ቢለውጥ አያስደንቅም። ምርመራው ቀላል ነው፦ ቤዙ ተቃኝቶ ሳለ ወፍራሙን «ሚ» (E) የተባለውን ክር በመጀመሪያው ፍሬትና አንገቱ ከአካሉ ጋር በሚገናኝበት ፍሬት ላይ ተጭኖ በሰባተኛው ፍሬት ያለውን ክፍተት ማየት ነው። የአንድ ቢዝነስ ካርድ ውፍረት፣ ማለትም 0.3 ሚሊ ሜትር ያህል ከሆነ ጥሩ ነው። ድምፁ በመጀመሪያዎቹ አምስት ፍሬቶች ብቻ የሚሰማ ከሆነና ክፍተት ከሌለ አንገቱ ከልክ በላይ ቀንቷል፤ በውስጡ ያለውን የብረት ዘንግ ማላላት ያስፈልጋል። ክሩ መካከል ላይ ከፍ ብሎ ዝዝታው ከአሥራ ሁለተኛው ፍሬት በላይ ከተሰማ ደግሞ ጎብጧልና ዘንጉ ወደ ቀኝ ይጠበቃል። በአንድ ጊዜ ከሩብ ዙር አይበልጥ። በቆዩት ፌንደሮች የዘንጉ ራስ ከአካሉ በኩል ስለሆነ አንገቱን ሳያወጡ በግድ መጠምዘዝ ጥርሱን ይበላዋል። እምቢ ካለ መተው ይሻላል፤ የተሰበረ ዘንግ ያለው ቤዝ የዋጋውን ትልቁን ክፍል ያጣል። ዝዝታው በአንድ ድምፅ ላይ ብቻ ከሆነ ምክንያቱ የተበላ ወይም ከቦታው የተነሣ ፍሬት ነው።

በእኛ ደረቅ አየር የጣት ሰሌዳው ወርዱ ሲጠብ የፍሬቶቹ ጫፍ ወጥቶ እጅ ይቧጭራል። ቫርኒሹን ሳይነኩ ጫፎቹን ብቻ በደቃቅ ሞረድ ማለስለስ ይበቃል።

ቮልዩሙ ይንኮሻኮሻል፣ ድምፁ ይቆራረጣል፣ ወይም ያገሳል

መንኮሻኮሹ ፖቱ ውስጥ የገባ አቧራና ዝገት ነው፤ የድሬን አቧራ የሚያውቅ ሰው አይገርመውም። ኮንታክት ክሊነር ነፍቶ ቁልፉን ሠላሳ ጊዜ ያህል ማዟዟር አብዛኛውን ጊዜ ይበቃዋል። ፖቱን በአዲስ መለወጥ ግን የመጨረሻው እርምጃ ይሁን፤ ከላይ ያነበብነው የዘመን ማስረጃ የታተመው በእርሱ ላይ ነውና። መለወጡ ግድ ከሆነ አሮጌው በከረጢት ታሽጎ ከቤዙ ጋር ለገዥው ይሰጥ። ገመዱ ሲነካ ድምፁ የሚጠፋ ከሆነ የጃኩ (ገመዱ የሚሰካበት ቀዳዳ) ዳዶ ላልቷል ወይም ብየዳው ለቋል።

ፒክአፑ ጨርሶ ድምፅ ካልሰጠ በቴስተር ይለካ። ከፌንደር ሞዴሎች የፕሪሲዥን ቤዝ ፒክአፕ ብዙውን ጊዜ 10 ወይም 11 ኪሎ ኦም፣ የጃዝ ቤዝ አንዱ ፒክአፕ ደግሞ 7 ወይም 8 ገደማ ያሳያል፤ ቴስተሩ ምንም ካላነበበ ውስጡ ያለው ቀጭን ሽቦ ተበጥሷል። እንደገና መጠቅለል ይቻላል፤ መጠቅለሉ ግን ለገዥው ይነገር። እጅ ክሩን ሲነካ ጉርምርምታው መቀነሱ ጤናማ ነው፤ ካልቀነሰ ክሮቹ አካሉ ላይ ከሚያርፉበት ድልድይ ሥር የሚሄደው የምድር ሽቦ ተቆርጧል። ክሩ እጅን የሚነዝር ከሆነ ግን ችግሩ ከአምፕሊፋየሩ ወይም ምድር ሽቦ ከሌለው ሶኬት ነው፤ ወዲያውኑ ይነቀል፣ ገዥም በዚያ ሶኬት እንዲሞክር አይፈቀድለት።

«ቀለሙን አድሼ ባቀርበው ይሻላል» የሚል ሐሳብ ይመጣል

አያድርጉት። አንድ ባለቤት ለሽያጭ ብሎ በመኪና ቀለም ያስቀባውን ቤዝ አንድ ጊዜ አምጥተውልኝ እጅግ አዘንኩ፤ የአርባ ዓመት ታሪኩ በአንድ ከሰዓት በኋላ ተፍቆ ነበር፤ የሚመልሰውም ጥገና የለም። ሰብሳቢ የሚፈልገው ያንኑ የተላጠውን ቀለም ነው። በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ መጥረግና ክሮቹን በአዲስ መለወጥ ከበቂ በላይ ነው።

ከአዲስ የቻይና ቤዝ ያነሰ ዋጋ ይሰጡታል

እዚህ ከተማ ያለው ገዥ አብዛኛው ለሠርግና ለምሽት ሥራ የሚሆን መሣሪያ ፈላጊ ነው፤ ባለ አምስት ክርም ይመርጣል። ስለ 1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የሚነገረው ወሬ ለእርሱ ገቢ አይሆንለትም፤ በዚህም ሊወቀስ አይገባም። ቤዙ በእውነት ዋጋ ያለው ከሆነ አዲስ አበባ ላሉ ቆየት ያሉ ቤዚስቶችና በበዓል ለሚመጡ ዘመዶች መቅረብ አለበት። ዋጋ ሲተመን ሰዎች የጠየቁት ሳይሆን በእርግጥ የተሸጠበት ይታይ። ደላላ ከገባ ኮሚሽኑ ገዥው ከመምጣቱ በፊት ይቆረጥ።

ገዥው ከሩቅ ነው

ገንዘቡ በባንክ መግባቱ ሳይረጋገጥ ቤዙ ከቤት አይውጣ። ገዥው ወደ ውጭ ሊወስደው ካሰበ የጣት ሰሌዳውን እንጨት መጠየቅ ያስፈልጋል፤ እ.ኤ.አ. እስከ 1960ዎቹ አጋማሽ በተሠሩ ብዙ ፌንደሮች ላይ ያለው የብራዚል ሮዝውድ እንጨት እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ ለመጥፋት በተቃረቡ እንስሳትና ዕፀዋት ንግድ ላይ በተደረገው ዓለም አቀፍ ስምምነት (ሳይተስ) ጥብቅ ጥበቃ ሥር ስለሆነ ድንበር ለማሻገር ፈቃድ ይጠይቃል። በአውቶቡስ ወደ አዲስ አበባ ሲላክ ክሮቹ በጥቂቱ እንዲላሉ ይደረግ፣ የአንገቱ ራስ ከሥሩና ከጎኑ በጨርቅ ይደገፍ፣ ሣጥኑም ፀሐይ በሚመታው ጣሪያ ላይ አይጫን። ተቀባዩ ሣጥኑን እንደደረሰ ሳይከፍት ለጥቂት ሰዓታት በክፍሉ ሙቀት ያቆየው፤ ከዚያ ቃኝቶ በማግስቱ የአንገቱን ክፍተት እንደገና ይለካ።