ጥቁርና ነጭ ፎቶን በቀለም ፕሮፋይል ማተም

ጥቁርና ነጭ ፎቶ ቀለም ስለሌለው ፕሮፋይል አያስፈልገውም የሚለው አስተሳሰብ ብዙ ወረቀት አባክኗል። ዓይናችን በባለቀለም ፎቶ ላይ ሳያስተውል የሚያልፈውን ጥቂት መዛነፍ ግራጫ ላይ ወዲያው ስለሚለየው፣ ወደ አረንጓዴ ወይም ወደ ሐምራዊ ያዘነበለ ሕትመት ከሩቅ ያስታውቃል። (በአማርኛ «ቀለም» መልኩም፣ ማተሚያው የሚረጨው ፈሳሽም ስለሆነ፣ እዚህ ፈሳሹን ኢንክ እለዋለሁ።)

አይሲሲ ፕሮፋይል አንድ ማተሚያ በተወሰነ ኢንክና ወረቀት የተላከለትን የቀለም ቁጥር በምን መልክ እንደሚያወጣው የሚገልጽ ፋይል ነው። ስለዚህ ለአንጸባራቂ ወረቀት የተሠራው ለማት (ለማያንጸባርቅ) ወረቀት አያገለግልም፤ ብዙዎቹ የፎቶ ማተሚያዎች ለሁለቱ የተለያየ ጥቁር ኢንክ ከመጠቀማቸውም በላይ፣ የማት ወረቀት ጥቁር የአንጸባራቂውን ያህል አይጠልቅም። ፕሮፋይሉን ከወረቀቱ አምራች ካወረዱ በኋላ፣ በማተሚያው ማዘዣ ላይ አምራቹ የጠቀሰውን የወረቀት ዓይነት ብቻ ይምረጡ፤ የሚረጨውን የኢንክ መጠን የሚወስነው ይህ ምርጫ ነውና።

ስክሪኑን በመለኪያ መሣሪያ ሲያስተካክሉ ጋማውን (በጥቁርና በነጭ መካከል ያሉት ግራጫዎች የሚደምቁበትን ልክ) 2.2፣ ብርሃኑን በካሬ ሜትር ከ80 እስከ 120 ካንዴላ ያድርጉት። «ሕትመቱ ጨለመብኝ» የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ ስክሪኑ ከልክ በላይ ስለደመቀ ነው።

ቀጥሎ በፎቶሾፕ የሶፍት ፕሩፍ ማሳያ (ሕትመቱ ምን እንደሚመስል አስቀድሞ በስክሪን የሚያሳየው) ላይ የወረቀቱን ፕሮፋይል፣ ሪሌቲቭ ከለሪሜትሪክን (ወረቀቱ የማያወጣውን መልክ ወደሚቀርበው የሚቀይረውን) እና ብላክ ፖይንት ኮምፔንሴሽንን (የፎቶውን ጥቁር ከወረቀቱ ጥቁር ጋር የሚያዛምደውን) ይምረጡ። ይህ የመጨረሻው ካልተመረጠ ወረቀቱ ሊያወጣቸው የማይችላቸው ጥቁሮች ሁሉ አንድ ላይ ተደፍነው የጥላው ዝርዝር ይጠፋል። የወረቀቱን ነጭ የሚያስመስለው ምርጫ ሲበራ ፎቶው በድንገት የደበዘዘ ይመስላል፤ እኔ እርሱን ስጫን ዓይኔን ከስክሪኑ ዞር አደርጋለሁ፣ ስመለስ ዓይኔ የበፊቱን ድምቀት ስለማያነጻጽር ፍርዴ ይስተካከላል።

በማተም ጊዜ የቀለሙ አዛዥ አንድ ብቻ መሆን አለበት። ፎቶሾፕ እንዲያስተዳድር ካዘዙ የማተሚያውን የቀለም ማስተካከያ ያጥፉ፤ ሁለቱም ከሠሩ እርማቱ ሁለት ጊዜ ያርፍና ግራጫው ይበላሻል። ማተሚያዎ ከጥቁሩ ሌላ ግራጫ ኢንኮች ካሉት ግን፣ እንደ ኤፕሰን አድቫንስድ ብላክ ኤንድ ዋይት ያለውን የአምራቹን ልዩ ዘዴ እመርጣለሁ፤ ባለቀለም ኢንክ በጥቂቱ ብቻ ስለሚቀላቅል በመስኮት ብርሃንና በአምፖል ሥር የግራጫው መልክ እምብዛም አይለዋወጥም። በዚህ ዘዴ አስተዳደሩን ለማተሚያው ይተዉለት።

ትልቁን ወረቀት ከማባከንዎ በፊት ከ0 (ነጭ) እስከ 100 በመቶ (ጥቁር) በየ5 በመቶው የሚጨምሩ 21 የግራጫ እርከኖችን በትንሽ ወረቀት አትመው፣ ኢንኩ እስኪደርቅ አንድ ቀን ያቆዩት። የ95 እና የ100 በመቶዎቹ እርከኖች ካልተለያዩ በከርቭ (በፎቶሾፕ የድምቀት ማስተካከያ መስመር) ጥላውን በጥቂቱ ከፍ አድርገው ያንኑ እርከን እንደገና ያትሙ።