ልጅዎ ለአሜሪካ ጦር የመኮንንነት ስኮላርሺፕ ሲያመለክት ከመልማዮች ጋር እንዴት መነጋገር ይገባል

በአሜሪካ ሁለተኛ ደረጃን በማጠናቀቅ ላይ ያለ ልጅ፣ ጦሩ የኮሌጅ ክፍያውን ሸፍኖለት ሲመረቅ በመኮንንነት ማገልገል የሚጀምርበት ፕሮግራም አር.ኦ.ቲ.ሲ ይባላል። ምድር ጦር፣ አየር ኃይልና ባሕር ኃይል የየራሳቸው ፕሮግራም አላቸው፤ ማሪን መሆን የሚፈልግ ደግሞ በባሕር ኃይሉ በኩል ያልፋል። ማመልከቻው በኢንተርኔት የሚሞላ በመሆኑ ለልጁ ከባድ አይሆንበትም። ወላጆችን ግራ የሚያጋባው፣ ዩኒፎርም ለብሶ የሚደውለው ወይም ቤት ድረስ የሚመጣው ሰው ከየትኛው ቢሮ እንደሆነና ምን ሊያስፈርም እንደሚችል መለየቱ ነው።

ከማንም መልማይ ጋር ከመነጋገርዎ በፊት የልጁን የዜግነት ጉዳይ ይጨርሱ። ግሪን ካርድ ያለው ሰው በተራ ወታደርነት መቀጠር ይችላል፤ የመኮንንነት ስኮላርሺፑን የሚያገኘው ግን የአሜሪካ ዜጋ ብቻ ነው። በዲቪ ለመጡ ቤተሰቦች ትልቁ ቁም ነገር እዚህ ላይ አለ። ልጁ 18 ዓመት ሳይሞላው፣ ግሪን ካርድ ይዞ ሕጋዊ አሳዳጊው ከሆነ ወላጁ ጋር አሜሪካ ውስጥ እየኖረ ወላጁ ዜግነት ካገኘ፣ በ2000 በወጣው ሕግ መሠረት እሱም ያለ ምንም ፈተና ዜጋ ይሆናል፤ የሚቀረው ፓስፖርት ማውጣት ብቻ ነው። አባትየው «ዛሬ ነገ» ሲል ልጁ 18 ከሞላው ግን በራሱ ስም አመልክቶ ተራውን መጠበቅ ይኖርበታል። ወረቀቱን በምታሰናዱበት ጊዜ የልጁ ስምና የትውልድ ቀን በፓስፖርቱ፣ በልደት ሰርተፊኬቱና በትምህርት ቤቱ ትራንስክሪፕት ላይ አንድ ዓይነት መሆኑን አስተያዩ፤ ከእኛ አቆጣጠር ወደ ፈረንጆቹ ሲገለበጥ የተዛባ ቀን ኋላ ላይ ብዙ ያመላልሳል።

ቀጥሎ የሚመጣው መልማዩን መለየት ነው። ለምድር ጦርና ለአየር ኃይል ስኮላርሺፕ የሚመለከተው ሰው የሚገኘው የገበያ አዳራሽ ውስጥ ባለው የምልመላ ጣቢያ ሳይሆን ፕሮግራሙ ባለበት ዩኒቨርሲቲ ነው። በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ለምሳሌ የሀዋርድ ዩኒቨርሲቲ የምድር ጦርም የአየር ኃይልም ፕሮግራም ሲኖረው፣ ጆርጅታውንና ጆርጅ ሜሰን የምድር ጦሩ አላቸው። ልጁ ራሱ ለምልመላ ኃላፊው ኢሜይል ይጻፍ፤ ወላጅ የጻፈለት ልጅ መኮንን ሊሆን የተዘጋጀ አይመስልም። ለባሕር ኃይልና ለማሪን ግን ማመልከቻው በምልመላ መሥሪያ ቤቶች በኩል ስለሚያልፍ፣ እዚያ ሄዶ የአር.ኦ.ቲ.ሲ ጉዳይ የያዘውን ሰው ለይቶ መጠየቅ ያስፈልጋል። የትም ይሁን የት የመጀመሪያው ጥያቄ «የስኮላርሺፑን ማመልከቻ የሚከታተለው እርስዎ ነዎት ወይስ ሌላ ሰው?» የሚል ይሁን።

ይህ ጥያቄ የሚያስፈልገው የምልመላ ጣቢያው ሳጅን ክፉ ሰው ስለሆነ አይደለም። ሥራው የሚመዘነው ለተራ ወታደርነት ባስፈረማቸው ወጣቶች ብዛት ስለሆነ፣ ወሬውን ወደዚያ ማዞሩ አይቀርም። እህቴ ቤት የመጣው ሳጅን ጫማውን በር ላይ አውልቆ፣ ከአቦል እስከ በረካ ቁጭ ብሎ፣ እህቴን «ምን ያለ የታነጸ ልጅ ነው!» አሰኝቷታል። ለልጇ ያለው ግን «አሁን ፈርም፤ ኮሌጁን ጦሩ ይከፍልልሃል፤ መኮንንነቱ ኋላ ይደርሳል» ነበር። ውሸት አልተናገረም፤ ወታደሮች አገልግለው የሚማሩበትም፣ ከወታደርነት ወደ መኮንንነት የሚሻገሩበትም መንገድ አለ። ይሁንና ልጁ የጠየቀው ያንን መንገድ አልነበረም። ሳጅኑ ከቦርሳው ወረቀት ሲያወጣ ልጁ «ስኮላርሺፕ የሚለው የትኛው መስመር ላይ ነው?» ብሎ ጠየቀው፤ ሳጅኑም ፈገግ ብሎ ወረቀቱን መለሰው።

ስለዚህ ልጁ 17 ዓመቱ ከሆነ ያለ ወላጅ ፊርማ መቀጠር እንደማይችል ይወቁ፤ እስክርቢቶው በእርስዎም እጅ ነው ማለት ነው። ዲዲ ፎርም 4 የሚባለው የቅጥር ውል ራሱ፣ በውሉና በአባሪዎቹ ላይ ያልሰፈረ ቃል እንደማይጸና ይናገራል። ለስኮላርሺፑ ማመልከቻ ይህ ፎርም አያስፈልግም፤ መልማዩ ካቀረበው የመጣው ለሌላ ጉዳይ ነው። ልጅዎ ቀድሞ ፈርሞ የመነሻ ቀኑን በመጠባበቅ ላይ ከሆነም፣ ወደ ሥልጠና ከመሄዱ በፊት መቅረቱን በደብዳቤ ማሳወቅ ይችላል። «ትታሰራለህ» የሚል ማስፈራሪያ መሠረት የለውም።

ትምህርት ቤት ውስጥ የሚሰጠው አስቫብ የሚባል የጦሩ የችሎታ መለኪያ ፈተናም ለስኮላርሺፑ አያስፈልግም። ልጁ ለራሱ ማወቅ ፈልጎ ከተፈተነ፣ ውጤቱ ለመልማዮች እንዳይተላለፍ ትምህርት ቤቱን ይጠይቁ። ስልክ ቁጥሩ ለመልማዮች እንዳይሰጥም በጽሑፍ ማሳወቅ የወላጅ መብት ነው።

የአካል ብቃት ፈተናው የሚታወቅ ነው፤ ልጁ ፑሽ አፕና ሩጫ አስቀድሞ ይለማመድ። ከመኮንኑ ጋር የሚደረገው ቃለ መጠይቅ ላይ ወላጅ ቢሸኝም ከበር ይመለስ።

በሕክምናው ላይ ግን ጠንቀቅ ማለት ይገባል። ለተራ ምልመላ የሚደረገው ምርመራና ለስኮላርሺፑ የሚደረገው በተለያየ መሥሪያ ቤት ነው የሚታየው፤ የስኮላርሺፑን የሚወስነው ዶድመርብ የሚባለው ቦርድ ነው። «አስሙን አትጻፈው፤ ማን ያውቃል?» የሚል መልማይ ካጋጠመ ምክሩን አይቀበሉ። ከ13ኛ ልደት በኋላ የታየ አስም ውድቅ የሚያደርግ ቢሆንም ልዩ ፈቃድ ሊጠየቅበት ይችላል፤ ተደብቆ የተገኘ በሽታ ግን እንደ ማጭበርበር ይቆጠራል። የልጁ ታሪክና ግንኙነት ለሚጣራበት የደኅንነት ማጣሪያ ቅጽም ምክሩ ያው ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ያሉ የቅርብ ዘመዶችና ወደ አገር ቤት የተደረጉ ጉዞዎች በሙሉ ይጻፉ። አያት ጎንደር መኖራቸው ብቻውን ልጁን አያስጥለውም፤ መደበቃቸው ግን ሊያስጥለው ይችላል።

ስኮላርሺፑ ከተገኘ ከመቀበል በፊት ስለ ግዴታው ጠይቆ መልሱን በኢሜይል መያዝ ነው። በጠቅላላው የአገልግሎት ግዴታው 8 ዓመት ሲሆን፣ በምድር ጦር መደበኛ አገልግሎት የሚገባ የስኮላርሺፕ ተመራቂ ከዚህ ውስጥ 4ቱን በሙሉ ጊዜ ያገለግላል። የ4 ዓመት ስኮላርሺፕ ያገኘ ተማሪ በመጀመሪያው ዓመት ሐሳቡን ቢቀይር ያለ ዕዳ ይሰናበታል፤ ሁለተኛው ዓመት ከጀመረ በኋላ ካቋረጠ ግን የተከፈለለትን እንዲመልስ ወይም በተራ ወታደርነት እንዲያገለግል ሊታዘዝ ይችላል። «መልቀቅ ቢያስፈልግ ከየትኛው ቀን ጀምሮ ዕዳ ይሆንብኛል?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም።

በዚህ መሀል የምልመላ ጣቢያው ሰው መደወሉን ካላቆመ፣ ልጁ «ለአር.ኦ.ቲ.ሲ አመልክቻለሁ፤ ለወታደርነት መቀጠር አልፈልግም፤ እባክዎ አይደውሉልኝ» የሚል አጭር መልእክት ይላክለት። ከዚያም በኋላ ካልተወ የጣቢያውን አዛዥ ስም ጠይቆ ለእሱ መጻፍ ነው።