አምስቱ ልዑካን እንዳይጎድሉ

ሰሜን ሸዋ ውስጥ የአንዲት ገጠር ማርያም ቄሰ ገበዝ (የቤተ ክርስቲያኗ አስተዳዳሪ) ነኝ። እንደ እኛ አገልጋይ ላነሰባችሁ አጥቢያዎች ያየሁትን ላካፍላችሁ። ሦስት ቄሶችና አራት ዲያቆናት ብቻ ነን። ቅዳሴ ደግሞ አምስት ልዑካን፣ ማለትም ሁለት ቄስና ሦስት ዲያቆን ይፈልጋል።

በታኅሣሥ አንድ እሑድ አንዲት እናት በአርባ ቀኑ ልጇን ክርስትና ልታስነሣ የሁለት ሰዓት መንገድ በእግሯ መጣች። አንዱ ዲያቆን ታሞ ተኝቷል፣ ሌላው ለቀን ሥራ ከተማ ወርዷል። ከቅዳሴ በፊት የሚደርሰውን የኪዳን ጸሎት አደረስን፣ ፀሐይ ወጣች፣ ሰው አልተገኘም። ማተቡ በክርስትና አባቱ መዳፍ ውስጥ እንደተጠቀለለ፣ ልጁ ሳይቆርብ ተመለሱ። ያቺ ሴት ስትመለስ ያየሁት ጀርባዋ እስካሁን ከዓይኔ አልጠፋም።

ከዚያ ወዲህ ሰሞነኛ (የሳምንቱ ተረኛ አገልጋይ) እና ተጠባባቂ በወረቀት ተጽፎ የቅዳሴው ኅብስት በሚዘጋጅበት በቤተ ልሔሙ በር ላይ ይለጠፋል፣ የሁለት ሳምንቱ አስቀድሞ። ተጠባባቂውም እንደ ሰሞነኛው ከሚስቱ ተለይቶ፣ ጾሞ ይደር። ቅዳሜ ሌሊት ቀስቅሳችሁ ብትጠሩት በልቶ አድሯልና አይገባም። ስለዚህ ዓርብ ማታ አምስቱን ሰሞነኞችና ተጠባባቂውን፣ ስድስቱንም ደውላችሁ አረጋግጡ።

ለወርኃ በዓል ከጎረቤት አጥቢያ ጋር ተዋዋሉ። የእኛ ጎረቤት ከወንዙ ማዶ ያለው ሚካኤል ነው፤ በ12 እኛ ዲያቆን እንልካለን፣ በ21 እነሱ ይልካሉ። ለእሑድ ግን አይሆንም፣ በሁለቱም ቤተ ክርስቲያን ይቀደሳል።

ዋናው ጉዳይ የዲያቆናቱ ኑሮ ነው። ዲያቆኑ ጥሎን የሚሄደው ሃይማኖት ጎድሎት ሳይሆን እርሻው ሳይሠራ ስለሚያድርበት ነው። ሰሞን ገብቶ ሳለ የጎረቤቱ ጤፍ ታጭዶ የእሱ ይረግፋል። አሁን ሰበካ ጉባኤው የሰሞነኛውን ማሳ በደቦ ያሳጭዳል፤ ምእመናኑም ደስ ብሏቸው ይወጣሉ። ደመወዝ መጨመር ለማይችል አጥቢያ ከዚህ የተሻለ መላ አላየሁም።

የንስሐ ልጆቻችሁ ብዙ ከሆኑ ቤት ለቤት መዞሩን ቀንሱ። እኔ በየጎጡ ወር በገባ አንድ ቅዳሜ ከአንድ ሰው ቤት ሰብስቤ አስተምራለሁ፣ ጸሎት አደርሳለሁ፤ ንስሐ የሚገባ ብቻውን ጓሮ ወጥቶ ያናግረኛል። የታመመና የሞተ ሰው ግን ቀን አይቀጠርለትም፣ በተጠራሁበት ሰዓት እነሣለሁ። ለዝክርና ለጠበል ጠዲቅ አንድ ቄስ ይበቃል። ሦስታችንም ካልመጣን ቅር የሚላቸው አሉ፤ በትሕትና አስረዷቸው፣ ይገባቸዋል።

ማታ ማታ ቤቴ ሦስት ልጆች ዳዊት ይደግማሉ። ትልቁ 12 ዓመቱ ነው፣ ለዲቁና ገና ብዙ ይቀረዋል። ሰበካ ጉባኤው የፀሐይ መብራት ገዝቶላቸዋል፣ ራታቸውን ደግሞ እናቶች በተራ ያመጣሉ።