ጎጃም መንገድ ላይ መኪና ውስጥ እንዴት እንደሚታደር

የኋላ ወንበሮቹን አውጥቼ ፍራሽ ባነጠፍኩበት አሮጌ ሚኒባስ ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር ስመላለስ ማደሪያዬ ማደያ ወይም የሆቴል ግቢ ነው።

የዓባይን በረሃ በብርሃን ተሻገሩ። ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን ያለው ቁልቁለትና ዳገት 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ለጨለማ አይመከርም። ከደጀን ደብረ ማርቆስ 70 ኪሎ ሜትር ያህል ይቀራል። መንገድ ዳር አትቁሙ፤ የጭነት መኪኖች የሚያድሩበትን ግቢ ፈልጉ። ሾፌሮቹ ያላመኑትን ቦታ እኔም አላምነውም።

ዋናው ነገር ፈቃድ ነው፤ ፈቃዱ ደግሞ ከማን እንደሆነ ማወቅ። አንድ ምሽት ነዳጅ ቀጂውን ጠየቅሁ፣ «እደር፣ ምን ችግር አለ» አለኝ፣ ጥግ ይዤ ተኛሁ። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ መስኮቱ በዱላ ተንኳኳ። ጋቢ የተከናነቡ ዘበኛ ባትሪ አብርተውብኛል፤ ከኋላቸው የነዳጅ ቦቴ ሞተሩን ሳያጠፋ ቆሟል። «ልጄ፣ የተኛኸው እኮ የነዳጁ አፍ ላይ ነው» አሉኝ። ለካ ቦቴው የሚገለብጥባቸው ክብ የብረት ክዳኖች ከጎማዬ ሥር ናቸው። የፈቀደልኝ ልጅ ሥራውን ጨርሶ ቤቱ ተኝቷል። በቁምጣ ወርጄ፣ በዚያ ብርድ፣ ቦቴው እየጠበቀኝ መኪናዬን አነሳሁ።

ስለዚህ የሌሊቱ ዘበኛ እስኪገቡ ጠብቁ። በመስኮት አትጩሁ፤ ወርዳችሁ «አባቴ፣ እንደምን አመሹ» በሉ። ስንት ሰው እንደሆናችሁና መቼ እንደምትወጡ ንገሯቸው፤ ሌሊት ቦቴ ይመጣ እንደሆነ፣ የት ብትቆሙ እንደማታስቸግሩ ጠይቁ። ጉርሻውን ማታውኑ ስጡ፤ ጠዋት ተቀይረው ልታጧቸው ትችላላችሁ።

መሬቱ ካዘነበለ ራሳችሁን ወደ ከፍታው አድርጋችሁ ተኙ፤ ጎማ ሥር ድንጋይ ይግባ። መስኮቱን ሁለት ጣት ያህል ክፈቱ፤ አለዚያ ትንፋሻችሁ መስታወቱ ላይ ውሃ ሆኖ ጠዋት ፍራሹ ላይ ይንጠባጠባል።

ደብረ ማርቆስና እንጅባራ ከ2,400 ሜትር በላይ ስለሆኑ ብርዱ አጥንት ይገባል። ቢሆንም ከሰል መኪና ውስጥ አታስገቡ፤ የሚገድለው ጋዝ ሽታም ቀለምም የለውም። ማደያ ውስጥማ እሳት ጨርሶ አይታሰብም። ድርብ ጋቢ በውድ ከተገዛ የመኝታ ከረጢት ይበልጥብኛል።

ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ የጭነት መኪኖቹ ሞተር ሲያስነሱ መንቃታችሁ አይቀርም። ስትወጡ ድንጋዩን ከጎማው ሥር አንሱት።