ገብስማዋ እንዳትጠፋ

የምኖረው አዘዞ ነው። ጓሮዬ ውስጥ 9 ሴትና 1 አውራ ዶሮ አሉኝ፤ ሁሉም የእናቴ ገብስማ ዶሮ ዘሮች ናቸው። የአበሻ ዶሮ ዘር ማቆየት የምትፈልጉ ከአውራው ጀምሩ።

እኛ ጋ እንቁጣጣሽና ፋሲካ ሲደርስ ትልቁና ደልደል ያለው አውራ ቅዳሜ ገበያ ይወርዳል። የቀጨጨው ቤት ይቀራል፤ ዘር የሚሰጠውም እሱ ይሆናል። ዘራችን የደከመው በዚህ ነው ብዬ አምናለሁ። ስለዚህ በዓል ሳይቃረብ ምርጡን ለዩና እግሩ ላይ ቀይ ክር እሰሩለት። ገዢ የቱንም ያህል ቢጨምር አይሸጥም። በየ2 ዓመቱ ከሌላ ቀበሌ የአበሻ አውራ ጋር ተለዋወጡ፣ ከገዛ ልጆቹ ጋር እንዳይዋለድ። የፈረንጅ አውራ ግን አታስገቡ። ከእሱ የሚወለዱት ቄቦች እንቁላል ቢያበዙም መታቀፍ ይረሳሉ።

የቻይናዋ ቲቤት ውስጥም ትንሽዬ የደጋ ዶሮ አለች። የቆላ ዶሮ እንቁላል እዚያ ከፍታ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ ብዙውን ጊዜ አይፈለፈልም፤ የእሷ ግን ይፈለፈላል። ቻይናዎች እንዲህ ያሉ የአገር ዶሮዎቻቸውን በጥበቃ እርሻ ያቆያሉ። የኛ ጥበቃ እርሻ ጓሯችን ነው።

ለማስታቀፍ ከ7 ቀን ያልበለጠው እንቁላል ይሻላል። ሹል ጫፉን ወደ ታች አድርጋችሁ ቀዝቀዝ ያለ ቦታ አቆዩት። ለአንዲት ዶሮ 10 ወይም 12 ይበቃታል። በ7ኛው ቀን ማታ የስልኬን መብራት አበራና እንቁላሉን አንድ በአንድ እላዩ ላይ አስቀምጣለሁ። ነፍስ ካለው ቀጫጭን ቀይ ሥሮች እንደ ሸረሪት ድር ተዘርግተው ይታያሉ፤ መሐሉ ላይ ጥቁር ነጥብ ትንቀሳቀሳለች። ልጆቼ ይህን ለማየት ይሻማሉ። ጥርት ያለውን አወጣለሁ። በ21ኛው ቀን ጫጩት ነው።

ጫጩቶቹን ጭልፊት እንዳይወስዳቸው በቅርጫት ድፉባቸው። የተከካ ማሽላና ንጹሕ ውኃ አይጉደልባቸው።

ፈንግል የሚባለውን የዶሮ በሽታ ግን አትናቁት። አንድ ክረምት 17 ዶሮ በ5 ቀን ጨርሶብኛል፤ አንገታቸው ተጠማዞ፣ አረንጓዴ እያስቀመጣቸው። ከገበያ የገዛኋትን ዶሮ በቀጥታ ቀላቅያት ነበር። አሁን አዲስ የመጣችውን 2 ሳምንት ለብቻዋ አቆያለሁ። ክትባቱ ዓይን ውስጥ የሚንጠባጠብ ነው፤ ለጤነኞቹ ብቻ ይሰጣል፣ በበረዶ ተይዞ ይመጣል። ጠርሙሱ አንዴ ከተከፈተ ማደር ስለማይችል ጎረቤቱ ሁሉ በዚያው ጠዋት ዶሮውን አቅፎ እኛ ግቢ ይሰበሰባል።